ከጅራታም ኮከብ ጋር ሁለት ዓመት

ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም፤ ለብዙ ጊዜ ሳሰላስለው ስለቆየሁት ስለ ሮዜታ ተልዕኮ ብቻዬን ላወጋችሁ ነው። ሮዜታ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ በ2004 ያመጠቃት፣ አሥር ዓመት ተጉዛ 67ፒ ቹርዩሞቭ ጌራሲሜንኮ የተባለውን ጅራታም ኮከብ ወይም ኮሜት የደረሰችበት፣ ከዚያም ከሁለት ዓመት በላይ ከጎኑ ሳትለይ ያጠናችው ሰው አልባ መንኮራኩር ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ይህ ተልዕኮ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ፊሌ የተባለችው ትንሽ አራፊ መሣሪያ ኮሜቱ ላይ ያረፈችበትን የኖቬምበር 2014 ዕለት ነው። ዕለቱ ታላቅ እንደነበር አልክድም። እኔ ግን ከማረፉ ይልቅ አብሮ መቆየቱ እንደሚበልጥ አምናለሁ፤ ስለ ኮሜቶች ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ቁም ነገር የተገኘውም ከዚያ ቆይታ ነው።

ጅራታም ከዋክብት በስም ከዋክብት ይባሉ እንጂ ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፉ የበረዶና የአቧራ ክምችቶች ናቸው። ዕድሜያቸው ከፀሐይና ከምድር ጋር የሚቀራረብ፣ ማለትም 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ያን ሁሉ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ ርቀው በብርድ ውስጥ ስለኖሩ የመጀመሪያውን ንጥረ ነገር ብዙም ሳይለወጥ እንደያዙ ይታመናል። ከሮዜታ በፊትም መንኮራኩሮች ወደ ኮሜቶች ተልከው ነበር፤ ነገር ግን አጠገባቸው ደርሰው በፍጥነት ከማለፍ በስተቀር አንዱም አብሮ አልተጓዘም። ከሁሉ የሚታወቀው የጂዮቶ ጉዞ ነው። ጂዮቶ በማርች 1986 ከሃሌይ ኮሜት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አለፈች፤ ነገር ግን በሰከንድ 68 ኪሎ ሜትር እየተላለፉ ስለነበር ከቅርብ የማየቱ ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ብቻ ሆነ፣ ካሜራዋም በአቧራ ተመትቶ ሥራ አቆመ። የተገኘው ዕውቀት ውድ ነበር፤ ያም ሆኖ አንድን ነገር ለአፍታ አይቶ ጠባዩን ማወቅ አይቻልም።

ሮዜታን ያቀዱት ሰዎች የፈለጉት ከኮሜቱ ጋር ፍጥነትን አስተካክሎ፣ ዙሪያውን እየዞሩ አብሮ ወደ ፀሐይ መጓዝን ነበር። ለዚህ የሚበቃ ጉልበት በቀጥታ የሚሰጥ ሮኬት ስላልነበረ፣ መንኮራኩሯ ሦስት ጊዜ በምድር፣ አንድ ጊዜም በማርስ አጠገብ አልፋ ከፕላኔቶቹ ስበት ፍጥነት መበደር ነበረባት። በ2007 ማርስን ስታልፍ ከወለሉ 250 ኪሎ ሜትር ብቻ ትርቅ ነበር፤ በፕላኔቱ ጥላ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን አጥታ በባትሪ ብቻ የቆየችባቸው ደቂቃዎችም ነበሩ። የመጀመሪያው ዕቅድ ደግሞ ይህ ኮሜት ጭራሽ አልነበረም። ሮዜታ በጃንዋሪ 2003 ተነሥታ ዊርታነን ወደተባለ ኮሜት ልትሄድ ተዘጋጅታ ሳለ፣ በዲሴምበር 2002 አዲስ ዓይነት አሪያን 5 ሮኬት በበረራ ላይ በመክሸፉ ጉዞው ታገደ፤ የመነሻው ጊዜ ሲያልፍም ሌላ መድረሻ መፈለግ ግድ ሆነ። የተመረጠው 67ፒ ከዊርታነን የገዘፈ ነበር።

ይህ ኮሜት የተገኘው በ1969 ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ስቬትላና ጌራሲሜንኮ በካዛኪስታኗ አልማ አታ ሌላ ኮሜት ለማጥናት ያነሣችውን የፎቶግራፍ መስታወት ባልደረባዋ ክሊም ቹርዩሞቭ ኪየቭ ላይ ሲመረምር፣ የታየው ነገር ይገኝበታል ከተባለው ቦታ ፈቀቅ ያለ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ኮሜት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ስማቸው የተሰጠውን ኮሜት ከቅርብ የሚያሳዩትን ምስሎች ለማየት በቅተዋል፤ ቹርዩሞቭ ያረፈው ተልዕኮው ካበቃ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በኦክቶበር 2016 ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ የሰውን ዕድሜ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ሳስብ ይገርመኛል፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜው ዕቅዱን የጀመረ መሐንዲስ ውጤቱን ሲያይ ወደ ጡረታው ተቃርቧል።

ሮዜታ ከፀሐይ እየራቀች በሄደች ጊዜ 64 ካሬ ሜትር ስፋት ያላቸው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቿ እንኳ የሚበቃ ኃይል ሊሰጧት አልቻሉም። ስለዚህ በጁን 2011 ከዋናው ኮምፒውተር፣ ከሰዓት ቆጣሪውና ከማሞቂያዎቹ በስተቀር ሁሉም ነገር ተዘጋና ለ31 ወራት ያለ አንዳች መልእክት እንድትቆይ ተደረገ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2014 በጀርመን ዳርምሽታት ባለው መቆጣጠሪያ ማዕከል ሰዎች ማያቸውን ከብበው ይጠባበቁ ነበር። መንኮራኩሯ በራሷ ነቅታ፣ ሞቃ፣ አንቴናዋን ወደ ምድር አዙራ የምትልከው ምልክት ከ800 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለመድረስ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይመጣል የተባለበት የአንድ ሰዓት ጊዜ ወደ ማለቁ ተቃርቦ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር ምሽት 3፡18 ላይ፣ በማያው ላይ ከነበረው ዝቅተኛ መስመር መሀል አንዲት ቀጭን ጫፍ ብቅ አለች። ቪዲዮውን ዛሬም ስመለከተው የክፍሉ ሰዎች ደስታ ይጋባብኛል።

በኦገስት 6 ቀን 2014 ሮዜታ ከኮሜቱ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደረሰች። የታየው አካል ማንም ያልጠበቀው ቅርጽ ነበረው፦ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጉብታ በቀጭን አንገት የተያያዙ፣ ትልቁ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው። በኋላ እንደታወቀው እነዚህ ቀድሞ ለየብቻ የነበሩ፣ በዝግታ ተጋጭተው የተጣበቁ ሁለት አካላት ናቸው። የኮሜቱ ስበት እጅግ ደካማ፣ ክብደቱም ገና ያልታወቀ ስለነበር ወዲያው መዞር አልተቻለም። የበረራ ቡድኑ መንኮራኩሯን በሦስት ማዕዘን መንገድ እያዞረ፣ በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ሞተር እያስነሣ፣ ኮሜቱ ምን ያህል እንደሚስባት እየለካ ቀስ በቀስ አስጠጋት፤ በሴፕቴምበር ወር በ30 ኪሎ ሜትር፣ በኦክቶበር ወር በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትዞር ነበር። ከዚያ ልኬት የተገኘው ክብደት አሥር ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እፍግታው የውሃን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ማለትም ከአካሉ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው ባዶ ቦታ ነው።

የኮሜቱ ክፍሎች በጥንታዊት ግብፅ አማልክት ስም ተሰይመዋል። አንገቱ ሐፒ ይባላል፤ ሐፒ ግብፃውያን የዓባይን ዓመታዊ ሙላት የሚያመልኩበት ስም ነበር፤ ያ ሙላት የሚነሣው ደግሞ ከእኛ ደጋ ነው። መጀመሪያ ላይ ጋዝና አቧራ በብዛት ሲተፋ የታየውም ይኸው የሐፒ ክፍል ነበር፤ ስያሜው ባጋጣሚ ቢሆንም ደስ አሰኝቶኛል።

ስለ ፊሌ በአጭሩ ልናገር። ኖቬምበር 12 ቀን ስታርፍ ወደ መሬቱ የሚያስሯት ሁለቱ ጦሮች አልተተኮሱም፣ ወደ ታች የሚገፋት የጋዝ ሞተርም አልሠራም። ምድር ላይ 100 ኪሎ ግራም የምትመዝነው መሣሪያ እዚያ የአንድ ግራም ያህል ብቻ ስለምትከብድ ነጥራ ተነሣችና፣ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተንሳፍፋ ጥላ በበዛበት ገደል ሥር አረፈች። በዋና ባትሪዋ ከሁለት ቀን በላይ ሠርታ መረጃዋን ከላከች በኋላ ኃይሏ አለቀ። ያረፈችበት ቦታ በፎቶግራፍ የተገኘው በሴፕቴምበር 2016፣ ተልዕኮው ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው ነው። በመካከል የነካችው ሁለተኛ ቦታ ደግሞ በ2020 ተለይቶ ታወቀ፤ እዚያ የረገጠችው በረዶና አቧራ ከካፑቺኖ አረፋ እንኳ የላላ እንደነበር ተመራማሪዎቹ አስልተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ አብሮ መቆየት ከባድ ሥራ ነበር። ኮሜቱ ወደ ፀሐይ በቀረበ ቁጥር የሚተፋው አቧራ እየበዛ ሄደ። ሮዜታ አቅጣጫዋን የምታውቀው ከዋክብትን በሚያዩ ካሜራዎች ነበር፤ በማርች 2015 ወደ ኮሜቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስትቀርብ ካሜራዎቹ በብርሃን የሚያብለጨልጩትን የአቧራ ቅንጣቶች ከዋክብት ናቸው ብለው ቆጠሩና አቅጣጫ ጠፋባት፤ ከምድር ጋር የነበራት ግንኙነትም ተዳክሞ፣ ራሷን ለመጠበቅ የምርምር መሣሪያዎቿን ዘጋች። ቡድኑ ካስተካከላት በኋላ ርቃ እንድትቆይ ተገደደች፤ ኮሜቱ ኦገስት 13 ቀን 2015 ለፀሐይ እጅግ በቀረበበት ዕለት ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበር የምትመለከተው።

የመቆየትን ዋጋ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየኝ አስዋን የተባለው ገደል ነው። ይህ 134 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል በሴፕቴምበር 2014 በተነሡት ምስሎች ላይ ከአናቱ 70 ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ይታይበት ነበር። በጁላይ 10 ቀን 2015 ሮዜታ ከዚያው አካባቢ ኃይለኛ የአቧራ ፍንዳታ አየች፤ ከአምስት ቀን በኋላ በተነሣው ምስል ስንጥቁ የለም፣ የገደሉ ጠርዝ ተንዶ በቦታው አንጸባራቂ በረዶ ተገልጧል። ከዚያ ወራት እያለፉ ሲሄዱ በረዶው እየተነነ ንጣቱም እየደበዘዘ ሄደ፣ ከሥሩም የተናደው ድንጋይ ተከምሮ ታየ። የሳይንስ ሰዎች ኮሜት ለምን ድንገት አቧራ ይረጫል ለሚለው ጥያቄ አንዱን መልስ ያገኙት ስንጥቁን፣ ናዳውንና የተገለጠውን በረዶ አንድ ላይ ስላዩ ነው። አንዲት መንኮራኩር በዚያ ቦታ በአንድ ቀን ብታልፍ ኖሮ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ታያለች፣ ያየችውንም ትርጉም አታውቀውም።

በጋዙ ውስጥ የተገኘው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ በካትሪን አልትቬግ ይመራ የነበረው ሮዚና የተባለው መሣሪያ ለሕይወት ግንባታ የሚያስፈልጉትን ግላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድና ፎስፈረስን አገኘ፤ ኮሜት ውስጥ ይኖራል ተብሎ ያልተጠበቀ ኦክስጅንም አገኘ። ከሁሉ በላይ ያነጋገረው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። የምድር ውቅያኖሶች ውሃ ከጅራታም ከዋክብት መጥቶ ይሆን የሚለው ጥያቄ የሚመረመረው ዲዩቴሪየም በሚባለው ከባድ ሃይድሮጅን መጠን ነው፤ በውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አተሞች 156 ገደማ የሚሆኑት ዲዩቴሪየም ናቸው። በ2014 መጨረሻ የታተመው የሮዚና ውጤት በ67ፒ ላይ 530 ገደማ አገኘ፣ ማለትም ከሦስት እጥፍ በላይ። ብዙዎች ከዚህ በመነሣት ውሃችን ከእንዲህ ዓይነት ኮሜቶች እንዳልመጣ ደመደሙ፤ ትኩረታቸውንም አስትሮይዶች ወደሚባሉት፣ ፀሐይን ወደሚዞሩት ድንጋያማ አካላት አዞሩ።

ይሁን እንጂ ያ ቁጥር የተወሰደው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልኬቶች ነበር። ሮዜታ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2016 በዝግታ ወርዳ ኮሜቱ ላይ እስክታርፍ ድረስ ግን መለካቷን አላቋረጠችም፤ በ2024 የታተመ ጥናት ከጠቅላላው ቆይታ የተሰበሰቡትን 16,000 ያህል ልኬቶች በአንድነት መረመረ። ውጤቱም ከቀድሞው የተለየ ሆነ። ከባዱ ሃይድሮጅን በአቧራ ቅንጣቶች ላይ ከተጣበቀ በረዶ ጋር ይበዛል፤ በመሆኑም ኮሜቱ አጠገብ፣ አቧራው ገና ሳይደርቅ የተወሰደ ልኬት ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከ120 ኪሎ ሜትር ወዲያ የተወሰደው ግን ወደ ምድር ውሃ የቀረበ ነው። የመጀመሪያው ድምዳሜ ዛሬ እንደገና ክርክር ተነሥቶበታል፤ በሌሎች ኮሜቶች ላይ የተወሰዱ የቀድሞ ልኬቶችም ከኮሜቱ አካል በምን ያህል ርቀት እንደተወሰዱ እየታየ እንደገና መመዘን ይኖርባቸዋል። ሮዜታ ያነሣቻቸው ምስሎችና የለካቻቸው ልኬቶች በኤጀንሲው መዝገብ ለማንም ክፍት ናቸው፤ ኢንተርኔት ያለው የፊዚክስ ተማሪ አዲስ አበባም ይሁን ጎንደር ተቀምጦ ሊመረምራቸው ይችላል፤ የምመክራችሁም የአስዋንን ገደል ምስሎች ከናዳው በፊትና በኋላ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በመመልከት እንድትጀምሩ ነው። በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።