ታሳሪ ወገን ላላችሁ፦ የቀን ክሬዲት እንዴት ይሠራል? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ እናት፦ ልጄ 6 ዓመት ተፈርዶበት ፌዴራል እስር ቤት ነው። ክላስ ከወሰደ ቀን ይቀነስለታል ይሉኛል። እውነት ነው?

እውነት ነው እናቴ። በዲሴምበር 2018 የወጣው ፈርስት ስቴፕ አክት የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያመጣው ነው። ልጅዎ በተመደበለት ፕሮግራም 30 ቀን ሲሳተፍ 10 ቀን ክሬዲት ያገኛል። እስር ቤቱ ተመልሶ ወንጀል የመሥራት ዕድሉን በነጥብ ይለካል፤ ነጥቡ ዝቅተኛ ሆኖ በሁለት ተከታታይ ግምገማ ካልጨመረ 10ሩ ቀን 15 ይሆናል። በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋል። በመልካም ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን የሚቀነሰው ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። «500 ቀን አጠራቅሜያለሁ» ቢልዎት 500 ቀን ቀድሞ ነፃ ይወጣል ብለው ድግስ እንዳያስቡ። ከእስር ቀድሞ የሚያስለቅቀው ቢበዛ 365 ቀኑ ነው፣ እሱም ዳኛው ከእስር በኋላ በክትትል ይቆይ ብለው ፈርደው ከሆነ ነው። የቀረው ቀን ወደ ሃፍዌይ ሃውስ (ታሳሪ ከመፈታቱ በፊት ከእስር ቤት ውጭ በቁጥጥር የሚቆይበት ማረፊያ) ወይም ወደ ቤት እስር ያዛውረዋል። እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፣ ልጅዎን በአቅራቢያዎ ያገኙታል። ደግሞ ጭራሽ ያልተፈቀደላቸው ወንጀሎች አሉ፤ ለምሳሌ ዕፅ ሲያዘዋውር ለዚያው መሣሪያ በመያዝ የተፈረደበት ሰው ክሬዲቱን አያገኝም። ስለዚህ የፍርድ ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ያሳዩ።

ከአሌክሳንድሪያ የደወለች እህት፦ ባለቤቴ ግሪን ካርድ ነው ያለው። ኢሚግሬሽን ዲቴይነር አስገብቶበታል። ጉዳዩን የያዘው የእስር ቤቱ ሠራተኛ (ኬዝ ማናጀሩ) «ክሬዲቱ አንተን አይመለከትም» አለው።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን እየተጎዱ ነው። ሕጉ ክሬዲቱን እንዳይጠቀም የሚከለክለው የመጨረሻ የማባረር ውሳኔ ያለበትን ሰው ነው። ዲቴይነር ውሳኔ አይደለም፤ ኢሚግሬሽን «ስትለቁት አስረክቡኝ» የሚልበት ወረቀት ነው። እስር ቤቶቹ ራሳቸው ቀድሞ በዲቴይነር ብቻ ይከለክሉ ነበር፣ ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ግን አሠራሩ ተለውጧል። የኢሚግሬሽን ዳኛ ይባረር ብለው ወስነው እንኳ ይግባኙ ገና እየታየ ከሆነ ውሳኔው የመጨረሻ አይደለም። ለዚህ ነው ባለቤትሽ እስር ቤት ውስጥ የሚሰጡትን ወረቀት ጠበቃ ሳያይለት እንዳይፈርም የምለምንሽ፤ ዳኛ ፊት ሳልቀርብ ልባረር ብሎ ወይም ይግባኝ አልፈልግም ብሎ ከፈረመ ክሬዲቱም አብሮ ይሄዳል፣ የልፋቱን ያህል ሳይጠቀምበት።

በቃል አቤቱታ ብቻ አይቁም። መጀመሪያ እዚያው ያለበትን ክፍል ሠራተኞች ይጠይቅ፣ ከዚያ ለዋርደኑ (ለእስር ቤቱ ኃላፊ) በጽሑፍ ያስገባ። ቀነ ገደቡ 20 ቀን ስለሆነ አይዘግይ። ለዋርደኑ የጻፈውን ኮፒ ላንቺም ይላክልሽ። አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ፦ ዲቴይነሩ ካልተነሳ በሚወጣበት ቀን አይስ (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) በር ላይ ሊወስደው ይችላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ዛሬ ፈልጊ፣ የመውጫው ቀን እስኪደርስ አትጠብቂ።

ስሙን ያልነገረን አድማጭ፦ ወንድሜ ያለው በቨርጂኒያ ስቴት እስር ቤት ነው። እሱስ?

ያ ሌላ ሕግ ነው። የፌዴራሉ አይነካውም። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2022 ጀምሮ በ30 ቀን እስከ 15 ቀን ትሰጣለች፣ ሕጉ ለይቶ ለዘረዘራቸው ከባድ ወንጀሎች ግን ቢበዛ 4.5 ቀን ብቻ ነው። መጠኑ በፕሮግራም ተሳትፎውና በጠባዩ ይወሰናል። ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ካውንስለሩን ይጠይቅ፤ ደረጃው ዝቅ ካለ ምክንያቱን ይጠይቅና የጎደለውን ክላስ ቶሎ ይመዝገብ።