ዕዳ ከሜዳ እና ክሊራንስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ዕዳና ስለ ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ የአሜሪካ መንግሥት ምስጢር ያለበት ሥራ ለመሥራት ስለሚሰጠው ፈቃድ፣ ላወራችሁ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁት ወሬው እንግዳ አይደለም። ቀን ፓርኪንግ እየሠሩ፣ ማታ አይቲ ተምረው ሰርተፊኬት የያዙ ስንት ልጆች አሉን። ዜግነቱን አግኝተው ደህና ደመወዝ ያለው የመንግሥት ኮንትራክተር ሥራ ሲያዩ፣ ማስታወቂያው ክሊራንስ ያስፈልጋል ይላል።

ሰሞኑን አንድ የማውቀው ልጅ የክሊራንሱን ቅጽ ሊሞላ እቤት መጣ። ኤስኤፍ-86 ይባላል፤ ረጅም ነው። ክፍል 26 ላይ ሲደርስ ቆመ። ባለፉት 7 ዓመታት ባንክራፕሲ (ዕዳ መክፈል አልቻልኩም ብሎ ፍርድ ቤት) ገብተሃል? ታክስ ሳትከፍል ቀርተሃል? ከ120 ቀን በላይ ያለፈበት ዕዳ ነበረብህ?

«ጋሼ፣ የለም ብዬ ብሞላውስ?» አለኝ።

ገንዘቡን እሱ አልበላውም። ለአጎቱ ልጅ መኪና ኮሳይን አድርጎ፣ ማለት የብድር ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ያኛው ሥራ ሲያጣ መክፈል አቆመ፣ መኪናው ተወሰደ፣ ቀሪው ሒሳብ በሁለቱም ስም ኮሌክሽን፣ ዕዳ ሰብሳቢዎቹ እጅ፣ ገባ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። ደግሞ ለዘመድ እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። «ፈርምልኝ እንጂ ክፈልልኝ መቼ አልኩህ» ሲሉህ ምን ትመልሳለህ?

የለም ብሎ መሙላት ግን ከዕዳው ይብሳል። መርማሪዎቹ ክሬዲት ሪፖርቱን፣ የብድርና የአከፋፈል ታሪኩን፣ አውጥተው ያዩታል። አውቆ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ስለ ገንዘብ መሆኑ ይቀራል፣ ስለ ታማኝነት ይሆናል።

መንግሥት የእኛ ዕዳ ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ኦልድሪች ኤምስ የሲአይኤ ሰው ነበር። በፈረንጆቹ 1985 ገንዘብ ሲያጥረው ለሶቪየቶች ምስጢር ሸጠ፤ የተያዘው በ1994 ነው። ስለዚህ ስጋቱ ከባዶ አልመጣም። ለዘመዱ የፈረመ ልጅ በዚያ ዓይን ሲታይ ግን ያመኛል። ደግነቱ ደንቡ ራሱ እንደዚያ አይልም።

ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ ክሊራንስ የሚሰጥበት መመሪያ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ክፍል አለው፤ መመሪያ ኤፍ ይሉታል። ሥራ ማጣት፣ ድንገተኛ ሕመም፣ ፍቺ፣ ሞት ያመጣው ዕዳ ከሆነ ይታይልሃል። ያ ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚያ በኋላ ምን አደረግክ? አበዳሪው ጋ ደወልክ? በወር 50 ዶላርም ቢሆን መክፈል ጀመርክ? ደረሰኙስ የታለ? የመከላከያ ሚኒስቴሩ የይግባኝ ቢሮ በክሊራንስ ላይ የሰጣቸውን ውሳኔዎች የሰዎቹን ስም እየሰረዘ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፤ እኔ ቁጭ ብዬ አነባቸዋለሁ። ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው የአከፋፈል ስምምነቱንና ደረሰኞቹን አሳይቶ ያልፋል። ትንሽ ዕዳ ያለበት ደግሞ ክሊራንሱን ልንከለክልህ ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ነው የሚለው ደብዳቤ እስኪደርሰው ምንም ሳያደርግ ቆይቶ ይወድቃል።

በየቡና ቤቱ የምንሰማው ምክርም አለ፦ «ተወው፣ 7 ዓመት ሲሞላው ከክሬዲትህ ላይ ይጠፋል።» ይጠፋል። የዚያ ቢሮ ዳኞች ግን ከሪፖርት ላይ መጥፋትን እንደ መክፈል አይቆጥሩትም። ይሄ ምክር ስንቱን ልጅ እንደጎዳ ሳስብ እናደዳለሁ።

እግረ መንገዴን ልበል፣ አገር ቤት ላሉ ዘመዶች የምንልከው ገንዘብም በቅጹ ላይ ይጠየቃል። መላክ ጥፋት አይደለም። ጻፉት።

ልጁ አዎ ብሎ ሞላ። ከስሩም እንዴት እንደመጣ በአጭሩ ጻፈ። በማግስቱ ኮሌክሽኑ ጋ ደውሎ በወር የሚከፍለውን ተስማማ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ አስላከ። የክሊራንሱ መልስ ገና ነው።

ለሰው የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ቅጹ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሦስቱም የክሬዲት ድርጅቶች ሪፖርታችሁን በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ፤ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ግቡ። ያ ደብዳቤ ደርሷችሁ ከሆነ ደግሞ ለኮንትራክተር ሠራተኛ የመልስ ጊዜው 20 ቀን ነው። ዛሬውኑ ክፈቱት፣ ጠበቃም አማክሩ።