«ግድግዳውን አንድ ሜትር ባስገፋው ስንት ያስወጣኛል?»

ከደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የደወሉ እናት፦ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ልጆቼ አድገው መኝታ ቤቱ ጠቧቸዋል። ከሳሎኑ ጋር የሚለየውን ግድግዳ አንድ ሜትር ወደ ሳሎን ባስገፋው ስንት ያስወጣኛል? ግንበኛው «ብሎኬት ብቻ ነው፣ ቀላል ነው» ብሎኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ አብሽሩ፤ የሚሆን ነገር ነው። ግን ግንበኛው የነገረዎት የወጪውን ጥቂቱን ነው። ግድግዳ አይገፋም። አንዱ ይፈርሳል፣ ሌላ ይሠራል። የሲሚንቶ ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ ስላልሆነ በብር ሳይሆን በመጠን ላስረዳዎት።

ግድግዳው 4 ሜትር ርዝመት፣ 2.6 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። የበሩ ቦታ ሲቀነስ 8.5 ካሬ ይቀራል። ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል። የሚሰበረውን ጨምረው 115 ይያዙ። ልስኑ በሁለቱም ፊት ስለሆነ 17 ካሬ ነው። ብዙ ሰው 8.5 ብሎ ይዋዋልና መሃል ላይ ከለሳኙ ጋር ይጣላል።

አሁን ወደ ፍርስራሹ እንምጣ። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት ከነልስኑ በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ የሚፈርሰው 1,700 ኪሎ ነው። 40 ኪሎ እየያዘ ከ40 ጆንያ በላይ ማለት ነው፤ ያውም ከ3ኛ ፎቅ በሰው ትከሻ የሚወርድ። አዲሱ ብሎኬት፣ አሸዋና ሲሚንቶም በዚያው ደረጃ ይወጣል። «ፍርስራሹን የሚያወርደውና የሚያስጭነው ማነው?» የሚለውን ውል ውስጥ ያስገቡ።

የድሮው ግድግዳ የተነሳበት ቦታም ጠባሳ አለው። ወለሉ ላይ ሴራሚክ የሌለው መስመር ይቀራል፤ የድሮውን መሳይ ሴራሚክ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ኮርኒሱና የጎን ግድግዳዎቹ ይጠገናሉ። ማብሪያና ሶኬት ካለበት ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋል። ቀለሙም ለአንድ ግድግዳ ብቻ አይሆንም፤ ሁለቱም ክፍሎች ይቀባሉ። ብዙውን ጊዜ ኪስ የሚያራቁተው ይሄ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ለኢንጂነር ይክፈሉ። እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ሸክሙን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢሙ (አግዳሚው ተሸካሚ) ናቸው፤ መሃል ያለው ብሎኬት ክፍል መለያ ነው። የድሮው ግድግዳ ቢም ላይ ቆሞ ከነበረና አዲሱ ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) መሃል ላይ ከወጣ ግን፣ ያ ሁሉ ኪሎ ያልታሰበበት ቦታ ላይ ሊያርፍ ነው። ይህን በዓይን ግምት አይወስኑ።

ከኮምቦልቻ የደወለ ወጣት፦ አዲሱን ግድግዳ በጂፕሰም ቦርድ ባደርገውስ?

መልስ፦ እኔም ብሆን የማደርገው እሱን ነው፣ ወንድሜ። ያው 8.5 ካሬ በጂፕሰም ቦርድ ሲሠራ ክብደቱ ከ300 ኪሎ ብዙም አያልፍም። አንዱ ቦርድ 1.20 በ2.40 ሜትር ስለሆነ ለሁለቱ ፊት 7 ወይም 8 ይበቃሃል፤ ቦርዱ የሚታሰርበት ብረት ሌላ ነው። አሸዋና ውሃ አታመላልስም፣ ልስን እስኪደርቅም አትጠብቅም። ቴሌቪዥን ወይም ቁም ሳጥን የምትሰቅልበት ቦታ ካለ ግን ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ከኋላው ጣውላ አስገባ። ለመኝታ ቤት ድምፅ የሚያፍን ሱፍ መሃሉ ላይ ይጨመርበት። ለሻወር ቤት ተራውን ቦርድ አትጠቀም፤ እርጥበት ይበላዋል። ደግሞ አንዱ ክፍል መስኮት አጥቶ እንዳይቀር፤ የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቀዋለህ።

ከደሴ ፒያሳ የደወሉ አባት፦ ምድር ቤት ነኝ። ለሱቅ እንዲሰፋልኝ ግድግዳዎቹን በሙሉ ባነሳስ?

መልስ፦ አባቴ፣ እዚህ ላይ እባክዎ ይቆዩ። የምድር ቤት ግድግዳ ለክፍል መለያ ብቻ የተሠራ ቢሆንም መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃውን ያግዛል። ከላይ ሁሉም ባለ ግድግዳ፣ ከታች ባዶ ሲሆን ጉዳቱ ታች ላይ ይበረታል። እኛ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነን። በ1953 በካራ ቆሬ በኩል የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሳት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ይኖራሉ። የጋራ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ ኮለንና ቢሙ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት ነው፤ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ኢንጂነሩ ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎት። እሱን ይዘው የነዋሪዎቹን ማኅበር ያነጋግሩ፣ ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍልም ፈቃድ ያውጡ። እስከዚያ መዶሻ አይነሳ።