ምድጃ ሲዛወር የጭስ ማውጫ ቱቦው እንዴት ይተከላል?

[ምስል፦ ቆርቆሮ ክዳን ማድቤት፤ ወደ አዲስ ቦታ የተዛወረ ሚርት ምድጃ፤ ከኋላው ገና ቱቦ ያልተገጠመለት የጭስ መውጫ።]

ጤና ይስጥልን፣ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምንመለከተው በእንጨት የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ከነበረበት ሲነሣ የጭስ ማውጫ ቱቦው በአዲሱ ቦታ እንዴት እንደሚተከል ነው። ማድቤት ሲታደስ ወይም ቤተሰብ ግቢ ሲለውጥ ሚርት ምድጃን ማንሣት አያስቸግርም፤ በሲሚንቶ የተሠሩት ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይነሡና መልሰው ይገጣጠማሉ። ቱቦው ግን እንዲህ በቀላሉ አይከተለውም። ብዙ ሰው ምድጃውን ደስ ባለው ጥግ ካስቀመጠ በኋላ ነው ቱቦው በየት ይውጣ ብሎ ቀና የሚለው። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ጣሪያው ይታይ፣ ቱቦው ሳይታጠፍ የሚወጣበት ነጥብ ይመረጥ፣ ምድጃውም ከዚያው ነጥብ ሥር ይቁም።

ምክንያቱን ለመረዳት ጭስን ወደ ላይ የሚወስደው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የሞቀ አየር ከውጭው አየር ይልቅ ቀላል ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም በምድጃው አፍ በኩል ንጹሕ አየር ይስባል። የመሳብ ኃይሉን በዋናነት የሚወስኑት የቱቦው ቁመትና የውስጡና የውጩ ሙቀት ልዩነት ናቸው። ጭሱ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የውጭው አየር ደግሞ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ቱቦ በባሕር ወለል ላይ የሚፈጥረው ኃይል 11 ፓስካል (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ በመሆኑ ያው ቱቦ የሚኖረው ኃይል ወደ 8 ፓስካል ይወርዳል። ይህ በጣም ትንሽ ኃይል ነው። ቱቦው በታጠፈና በጠበበ ቁጥር ከዚችው ላይ ይቀነሳል፤ የደጋ ማድቤት ቱቦ እያለው የሚጨስበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

መታጠፍ ግድ ከሆነ በአንድ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ ፈንታ ሁለት የ45 ዲግሪ መታጠፊያዎች ይሻላሉ፤ አግድም የሚሄደው ክፍል ደግሞ አጭር ሆኖ በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ማዘንበል አለበት። ቱቦው ከምድጃው መውጫ የጠበበ መሆን የለበትም። 15 ሳንቲ ሜትር በነበረ መውጫ ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ የገጠመ ሰው የጭሱን መንገድ ከግማሽ በታች አድርጎታል።

[ምስል፦ የጥቁር ላሜራ፣ የጋልቫናይዝድና የፕላስቲክ ቱቦዎች ጎን ለጎን።]

ለእሳቱ ቅርብ የሆነው የመጀመሪያው ክፍል ከወፍራም ጥቁር ላሜራ ቢሠራ ይመረጣል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ የተለበጠበት ዚንክ በ419 ዲግሪ የሚቀልጥ ስለሆነና ከመጠን በላይ ሲግልም የሚያወጣው ጭስ ለጤና ጎጂ ስለሆነ፣ ጭሱ በረድ ከሚልበት ከላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ይዋል። የፕላስቲክ ቱቦ ግን በማንኛውም ክፍል አይገባም፤ ዋጋው ስለቀነሰ ወይም ከውኃ መስመር ስለተረፈ ብቻ የሚገጥሙ አሉ፣ ነገር ግን 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ይታጠፋል፣ ይቃጠላል። ከአሮጌው ቦታ የተፈታው ቱቦም በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም ለብርሃን ሲይዙት ቀዳዳ የሚያሳይ ከሆነ ዳግመኛ አይተከል።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ። ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ ከማንኛውም የሚቃጠል ነገር ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። የጭቃ ግድግዳም ቢሆን በልስኑ ውስጥ የባሕር ዛፍ ማገርና ጭድ ስላለው ከሚቃጠል ነገር ይቆጠራል። ስለዚህ ቀዳዳው በሁለት ወራጆች መካከል ይሁን፤ ቦታውንም ከጣሪያው ወደ ምድጃው መውጫ ቱንቢ ጥሎ ማረጋገጥ ነው። ሣር ክዳን ባለበት ቤት ይህን ሥራ ጨርሶ አንመክርም፤ ከቱቦው የሚወጣ አንድ ፍንጣሪ ቤቱን ሊያጠፋው ይችላል።

[ምስል፦ ቱቦው በቆርቆሮው ሲያልፍ፣ በቅርበት።]

ዝናብ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ የቀዳዳው ዙሪያ ነው። በቱቦው ዙሪያ የሚያርፈው የላሜራ መሸፈኛ የላይኛው ጠርዙ በበላዩ ካለው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ የታችኛው ጠርዙ ግን ከታቹ ባለው ቆርቆሮ ላይ ይደረባል። በዚህ አኳኋን ውኃው ሳይገባ ላዩን ያልፋል። ሁሉንም ጠርዝ ከላይ አስቀምጦ በሲሊኮን ማሸግ ለአንድ ክረምት ይበቃ ይሆናል እንጂ አይዘልቅም። ከመሸፈኛው በላይ ቱቦውን የሚያቅፍ የላሜራ ኮሌታ ይታሰራል። የቱቦው ጫፍ ደግሞ በአሜሪካ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም የጣሪያ ክፍል ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ነፋስ ጭሱን ወደ ታች ይመልሰዋል። በመጨረሻም ጫፉ ላይ ኮፍያ ይደረግለታል።

ቱቦዎቹ ሲቀጣጠሉ የላይኛው ጠባብ ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይግባ። እርጥብ እንጨት ሲነድ ቱቦው ውስጥ ጥቁር ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ መጋጠሚያው በዚህ መልክ ከተሠራ ፈሳሹ ውስጥ ውስጡን ይወርዳል፣ በተቃራኒው ከተሠራ ግን በመጋጠሚያው ወጥቶ በቱቦው ገላ ላይ ይንጠባጠባል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በ3 ሪቬት ይታሰር። የምድጃው ክፍሎች መጋጠሚያም ሲዛወር ስለሚላቀቅ በጭቃ ዳግመኛ መመረግ አለበት፤ በስንጥቁ የሚገባ ቀዝቃዛ አየር ጭሱን አቀዝቅዞ የመሳብ ኃይሉን ያዳክማልና።

[ምስል፦ የበራ ጧፍ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ቀስ ብሎ ሲዞር።]

ጭቃው ከደረቀ በኋላ በጥቂት ጭራሮ ትንሽ እሳት ይለኮስና የበራ ጧፍ በየመጋጠሚያው ዙሪያ ይዙር። ነበልባሉ ወደ መጋጠሚያው ከተሳበ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ጭሱ በምድጃው አፍ ከተመለሰ ግን ቱቦው ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥቂት ወረቀት ከቱቦው ግርጌ አንድዶ ማሞቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቱቦው ከሞቀ በኋላም ጭሱ የሚመለስ ከሆነ ምጣዱን ከመጣድ በፊት ምክንያቱ ይፈለግ። ከጭሱ ጋር ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ዓይን አለማቃጠሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ጋጋሪዋም ሆነች ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ሳያውቁት ይተነፍሱታል።

አሮጌው ቀዳዳ በአዲስ ቆርቆሮ ይደፈን። ከቱቦው ግርጌ የሚከፈት የመጥረጊያ በር ማስቀረትም አይረሳ፤ ጥላሸቱ ከወፈረ ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል በየጊዜው፣ በተለይም እርጥብ እንጨት በሚበዛበት በክረምት ወራት፣ በዚያ በር በኩል ይጠረግ።