ዛር፣ ቡዳና የጾም ሰዓት፦ ወደ መስክ ለሚወጡ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከእናንተ ገሚሱ ለቲቲፒ (በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ ለሚወጣበት የመስክ ሥልጠና)፣ ገሚሱ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ለመሰብሰብ በጎንደርና በዙሪያዋ ወዳሉ ቀበሌዎች ሊወጣ ነው። ብዙዎቻችሁ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» የሚል ርዕስ የሰፈረበት መጠይቅ ይዛችኋል። ከጥያቄዎቹ ጋር ጠብ የለኝም። የማይጥመኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ፍርዱ ርዕሱ ላይ አልቆ ጥያቄው ከሥር ይመጣል። መልስ ሰጪውም ርዕሱን ባያነብ እንኳ ከድምፃችሁ ይረዳዋል፣ ከዚያ በኋላ እናንተ መስማት የምትፈልጉትን ይነግራችኋል። ዛሬ የምናገርበት ባህላዊ አንጻራዊነት የሚባለው ነገር ከሁሉ በፊት ይህን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። አንድን ድርጊት መጀመሪያ ከሚፈጽሙት ሰዎች ኑሮ፣ ምክንያትና ስጋት ጋር አያይዞ መረዳት፣ ፍርድ ካለም ከዚያ በኋላ። «ሁሉም ልክ ነው» ማለት አይደለም።

ሐሳቡን በአንትሮፖሎጂ ውስጥ ያጸናው ፍራንዝ ቦአስ ነው። ቦአስ በፊዚክስ የተመረቀ ጀርመናዊ ሲሆን በ1883 እ.ኤ.አ. ወደ ባፊን ደሴት ሄዶ ከኢኑይት ሕዝብ ጋር ከርሟል። በ1887 ደግሞ ኦቲስ ሜሰን ከሚባል የዋሽንግተን ሙዚየም ባለሙያ ጋር ስለ ዕቃ አደራደር ተከራከረ። ሜሰን የየሕዝቡን ዕቃ በዓይነቱ፣ ከቀላሉ ወደ ረቂቁ ይደረድር ነበር። ቦአስ «ዕቃው ከባለቤቶቹ ሌሎች ዕቃዎች፣ ሐሳብና ኑሮ ተነጥሎ አይገባንም» አለ። ክርክሩን ወደ ጎንደር ብናመጣው፣ በማኅሌት ከመቋሚያና ከጸናጽል ጋር የሚመታው ከበሮ አለ፤ ማታ በባለዛር ቤት የሚመታ ከበሮም አለ። ሁለቱን «ከበሮ» ብለን በአንድ መደርደሪያ ብናስቀምጥ ስለ ቆዳና ስለ እንጨት እናውቅ ይሆናል፣ ስለ ማኅሌቱም ስለ ዛሩም ግን ምንም አንማርም። መጠይቃችሁ ላይ ያለው «አዎ/አይደለም» የሚል ሳጥን ብዙ ጊዜ የሜሰን መደርደሪያ ነው።

ዛርን ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት፤ በዚህ ከተማ ላይ ከተጻፉት የአንትሮፖሎጂ ሥራዎች ውስጥ የታወቁት ስለ ዛር ናቸውና። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ለወራት ተቀምጦ መልካም አየሁ የተባሉ ባለዛርን ቤት አጥንቷል። በ1950ዎቹ ሳይመን ሜሲንግ መጥቶ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና አድርጎ ጽፏል። ሥርዓቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ በከበሮና በጭብጨባ ይዘፈናል። ዛሩ «ፈረሱ» ላይ፣ ማለትም ባደረባት ታማሚ ላይ ሲወጣ፣ ታማሚዋ ታጓራለች፣ አንገቷንና ትከሻዋን ትወዘውዛለች። ከዚያ በአፏ ስሙን ይናገራል፤ ድርድሩም ይጀመራል። ይህን የመሰለ ቀለም ያለው ዶሮ፣ ይህን የመሰለ ልብስ፣ ጌጥ፣ ሽቶ ይላል፤ ባለዛሩ ደግሞ ያባብላል፣ ይከራከራል፣ ያስቀንሳል። ልብ በሉ፣ ጠበል ቦታ ላይ መንፈሱ እንዲወጣ ይገደዳል፤ እዚህ ግን ይለመናል፣ ይታረቃል፣ ከሰውዬዋ ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራል። ሴትዮዋም የዚያ ቤት አባል ሆና ትቀራለች። «ዳነች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለጠበሉ ይሠራል፤ ለዛሩ ግን ጥያቄው ራሱ አይገጥምም።

ጀማሪ ተማሪ እዚህ ላይ በሦስት ነገር ይሳሳታል። የመጀመሪያው «በዛር ያምናሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው፣ ንስሐ አባቱ የሚያወግዙትን ነገር «አዎ» ብሎ ለማያውቀው ተማሪ አይናገርም። በዚህ ፋንታ «እዚህ ሰፈር ሰው ሲታመም መጀመሪያ የት ይወሰዳል? ካልተሻለውስ? ከዚያስ?» በሉ። ጤና ጣቢያው፣ ጠበሉ፣ ደብተራው፣ ባለዛሩ በተራቸው ይመጣሉ፤ ተራው ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሌሪስ ለመሥዋዕት የሚታረደውን እየገዛ ነበር ሥርዓቱን ያየው። ከፋዩ እናንተ ከሆናችሁ፣ የምታዩት በከፊል ለእናንተ የተዘጋጀውን ነው፤ ይህን በማስታወሻችሁ ካልጻፋችሁት ደግሞ ለአንባቢ ዋሽታችኋል። ስኳርና ቡና ይዞ መግባት ወግ ነው፣ በግ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ስህተት ጎበዞቹን ይይዛቸዋል፤ የራስን ትርጓሜ እንደ ሴትዮዋ ቃል አድርጎ መጻፍ ነው። ባሏ ያላዳመጣት ሴት በዛሩ አፍ ቀሚስ ትጠይቃለች፤ ባልም ለእሷ የነፈጋትን ለዛሩ አይነፍግም። ይህ ትርጓሜ እውነትነት አለው፣ ሜሲንግም ወደዚያ ያዘነብላል። ግን የእኛ ትርጓሜ ነው። እሷን ብትጠይቋት የምትነግራችሁ ስለ ሕመሟ፣ ከእናቷ ስለ ወረሰችው ዛር፣ ስለምትፈራው ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማደባለቅ አይገባም። የማስታወሻ ደብተራችሁን ገጽ ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ የታየውና የተባለው፣ በተባለበት ቃል፣ ከሰዓቱ ጋር፤ በቀኝ የእናንተ ሐሳብ። በዚያው ማታ ካልጻፋችሁት በማግስቱ ግራና ቀኙ ይቀላቀልባችኋል።

ሌሪስን አንስቼ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። እሱ የነበረበት፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ፣ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችን ነቅሎ ወስዶ በምትካቸው ቅጂ ለጥፏል። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የሰውን ባህል ጠልቆ መረዳት ብቻውን ማንንም ጨዋ አያደርግም።

አሁን ወደ ከበደው ልግባ። አንጻራዊነት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «ባህላቸው ነው» በምትለው አጭር መልስ ነው። የማን ባህል? ቡዳን ውሰዱ። ሕፃን በድንገት ሲታመም «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል፤ ጣት የሚቀሰረውም ወደ ቀጥቃጩና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ነው። በዚህ አገር ይህ ስም ለረጅም ዘመን የተለጠፈው በቤተ እስራኤል ባለ እጆች ላይ ነበር፤ መንደራቸው የነበረችው ወለቃ ከከተማው አፍንጫ ሥር ናት፣ ታሪኩን ሩቅ አትፈልጉት። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ያድር ነበር። ገበሬው ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩን፣ እርፉን ከእንጨት ራሱ ይጠርባል፤ ማረሻውና ወገሉ ግን ብረት ናቸው፣ ያለ ቀጥቃጭ አይገኙም። ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ጀበናው ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ባለ ርስቱ ያለ እነሱ ማረስም መጋገርም አይችልም ነበር፣ ከእነሱ ጋር ግን አይጋባም፣ ዓይናቸውንም ይፈራ ነበር። እምነቱ ከዚህ የመሬትና የሙያ ክፍፍል ጋር ሲታይ ለምን እዚያ ሰው ላይ እንዳረፈ ይገባናል።

ተከሳሹም ግን የዚያው ባህል ሰው ነው። የእሱን ቤት ሳታንኳኩ የተጻፈ ጥናት የከሳሹን ወገን ብቻ ይዞ «የማኅበረሰቡ እይታ» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ ለማንኛውም ድርጊት እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ያደርገዋል፣ ማን አያደርገውም፣ ያልተቀበለው ምን ይደርስበታል፣ ማን ያተርፍበታል፣ ማን ይከፍልበታል? «እኛ እዚህ እንዲህ ነው የምናደርገው» የሚሏችሁ ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎችና ቄሶች ናቸው፤ ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ ባለ እጆችን ለየብቻ፣ በሚመቻቸው ሰዓት አነጋግሩ። ሴቶችን በገበያ ቀን ቤት ፈልጋችሁ አታገኟቸውም።

የጤና ተማሪዎች፣ ለእናንተ ቀላሉ ጉዳይ ጾም ነው፣ ቀላል ስለሆነም ይናቃል። ለምእመን የታዘዙት የጾም ቀናት በዓመት ወደ 180 ይደርሳሉ። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» የሚል ትእዛዝ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትጾም ሴት ቢያንስ አንዱን ኪኒን ማስቀረት ነው፤ እሷም «ወሰድሽ?» ስትባል ላለማሳፈር «አዎን» ትላለች። «እስከ ስንት ሰዓት ትጾሚያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት አድርጉት። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ከጾም ነፃ የሚሆኑበት ሥርዓት አለ፤ ይህን ለሴትዮዋ ሊነግሯት የሚገባው ግን ንስሐ አባቷ ናቸው፣ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ድፍረት ይሆናል።

ፍርድስ? ይህ ጥያቄ አንትሮፖሎጂን ራሱን አስጨንቆታል። በ1947 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር፣ በቦአስ ተማሪ በሜልቪል ሄርስኮቪትስ ረቂቅ፣ ለተባበሩት መንግሥታት በላከው መግለጫ የሰብዓዊ መብት አዋጅ የምዕራባውያን ሚዛን ብቻ እንዳይሆን አስጠነቀቀ። ናዚዎች በተሸነፉ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው፤ ተቺዎችም «ያንንም ባህል እናክብር ወይ?» ብለው ጠየቁ። ማኅበሩ በ1999 ሰብዓዊ መብትን የሚደግፍ መግለጫ አወጣ። ክርክሩ የለየለት ይመስለኛል፤ መረዳት አንድ ሥራ ነው፣ መፍቀድ ሌላ።

የሴት ልጅ ግርዛትን እንየው። በ2016 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 565 ይከለክለዋል፣ እኔም ክልከላውን ያለ አንዳች ማመንታት እደግፋለሁ። አሁን መረዳቱ ምን ይጠቅማል በሉ። በአማራ ክልል አብዛኛው የሚፈጸመው በሕፃንነት ነው። እንግዲያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ልጃገረዶችን ማስተማር ለእነሱ ረፍዶባቸዋል፤ የሚጠቅመው ወደፊት ለሚወልዷቸው ብቻ ነው። ውሳኔው የሚሰጠው እናትየው አራስ ሳለች፣ ገንፎ በሚበላበት ቤት፣ አያትና ጎረቤት ባሉበት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድረስ ያለባት በዚያች የመጀመሪያ ሳምንት ነው፣ ማነጋገር ያለባትም አያትዬዋን ነው። ርዕሱን ብቻ አንብቦ የፈረደ ሰው ይህን አያገኘውም።

ያለዕድሜ ጋብቻም እንዲሁ ነው። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። ቤተሰቡ ግን «ቆማ ቀረች» መባልን፣ ከጋብቻ በፊት መውለድን ይፈራል፤ የድግሱንም ወጪ ለመቆጠብ በታላቂቱ ሰርግ ታናሺቱን አብሮ ይድራል። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ስንት ሰርግ ነበር?» ከሚለው ይልቅ «በዚያ ሰርግ ላይ እነማን ተዳሩ?» የሚለው ብዙ ያወጣል። ጊዜውም ጥር ነው፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፤ በነሐሴ የሄደ ሰው የሚሰማው ወሬውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ከአማካሪዎቻችሁ ጋር የምትጨርሱት አንድ ጉዳይ አለ። መጠይቃችሁ መግቢያ ላይ «የሚነግሩን ሁሉ በምስጢር ይያዛል» ይላል። በመጪው ሳምንት የ13 ዓመት ልጅ እንደምትዳር አንዲት እናት ብትነግራችሁስ? ያን ጊዜ ዝም ብትሉ ልጅቷን፣ ብትናገሩ እናትየውን ትከዳላችሁ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ዛሬውኑ አስተካክሉት፦ «ስምዎን አንጽፍም፤ በልጅ ላይ ሊደርስ ያለ ጉዳት ከሰማን ግን ለሚመለከተው አካል እንናገራለን» በሉ፣ ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት፣ በማይቸኩል ድምፅ። አንዳንዱ በዚህ ምክንያት አይናገራችሁም፤ መረጃው ይጎድላል፣ ይጉደል። ለማን እንደምትናገሩም አስቀድማችሁ እወቁ፤ የቀበሌውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ተጠሪ በመጀመሪያው ቀን ተዋወቁ።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።