መብራት ከጠፋ የመራ አሸነፈ

እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ስፖርት ቪዲዮ ጌም የወደፊት ዕጣ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ እናቴ ናት። "ያን ሁሉ ዓመት ጆይስቲክ ስትነካካ ከርመህ ጭራሽ ንግግር አድርግ አሉህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ጌም የሚሠራ ኩባንያም ደጅ ረግጬ አላውቅም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ስንጠብቅ ነው ያደግኩት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሦስት አግዳሚ፣ አንድ የላሜራ በር። ዛሬ የማወራችሁም ከዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። አይሰለቻችሁም ወይ? ያው ኳስ፣ ያው ሜዳ፣ ያው 11 ለ11። ጌሙ በየዓመቱ ማሊያ ቀይሮ ይመጣል፣ ሰዉም በየዓመቱ ይገዛል። ምን አዲስ ነገር አለው?

መልሱን የኩባንያዎቹ ማስታወቂያ ውስጥ ከፈለጋችሁት "ግራፊክስ" ይላችኋል። የተጫዋቹ ላብ ይታያል፣ ሣሩ ይነቃነቃል፣ የመረቡ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ ግን አላምንም። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካ ውስጥ ብሩክሄቨን በሚባል የምርምር ላቦራቶሪ ዊልያም ሂጊንቦተም የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ሰውዬው ቀደም ሲል የአቶሚክ ቦምቡ ፕሮጀክት ውስጥ የሠራ ነው። ላቦራቶሪውን ሊጎበኝ የሚመጣው ሕዝብ እንዳይሰለቸው ብሎ፣ ለኤሌክትሪክ መለኪያ በሚያገለግል ትንሽ ክብ ስክሪን ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠራላቸው። መረቡ አንዲት አጭር መስመር ናት። ኳሷ ነጥብ ናት። ተጫዋቾቹ ጭራሽ አይታዩም! ሰዉ ግን ተሰለፈ። በ1972 አታሪ ፖንግን ሲያወጣም ሁለት ዱላና አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር፤ እሱም መጠጥ ቤቶችን አጥለቀለቀ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ጆተኒ ያልተጫወተ እዚህ አለ? የጆተኒ ተጫዋች እግሩ የተጣበቀ፣ ብረት ላይ የተሰካ፣ ቀለሙ የተላጠ ምስኪን ነው። ግራፊክሱ ዜሮ! ለሱም ግን የኪስ ገንዘባችን እስኪያልቅ ተገፋፍተንበታል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ወንድሜ ግድግዳው ላይ በማርከር የጻፋቸው ደንቦች ነበሩ። ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል። ጆይስቲክ የወረወረ ያሠራል። የመጨረሻው ደግሞ የሰፈሩ ሕገ መንግሥት ነበር፦ "መብራት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ከጠፋ የመራ አሸነፈ። ከዚያ በፊት ከጠፋ እንደ አዲስ ይጀመራል።"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለት ልጆች ፔስ 6 የሚባለውን የኳስ ጌም ይጫወታሉ። አንዱ ጋራዥ የሚሠራ ነው፣ ጣቱ ግሪስ በግሪስ። ሌላው ገና ስምንተኛ ክፍል ነው። ጋራዡ የጣሊያኑን ኢንተርን ይዟል፤ ኢንተር የሚያዘው ለአጥቂው ለአድሪያኖ ተብሎ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የአድሪያኖ የምት ኃይል 99 ነበር፣ ከመሀል ሜዳ ተመታ ማለት በረኛው ጸሎት ላይ ነው። እንደተጠበቀው አገባ። 1ለ0። ከዚያ ምን አደረገ? ሰማዩ ደመና ነበር፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ዝናብ ከመጣ መብራት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ኳሷን ኮርነር ወስዶ ቆመባት። 70 እስኪሞላ! ትንሹ ልጅ እየተንፈራገጠ ሊነጥቀው ይሞክራል፣ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው በሙሉ ተነስቶ ይጮኻል፣ ጋራዡ ንቅንቅ የለም። 67። 68። 69። ድው። ጨለማ።

69 ነበር ወይስ 70? አሥራ አምስት ምስክር፣ አሥራ አምስት ዓይነት መልስ። አንገት ለአንገት ሊያያዙ ሲል ጎረቤታችን ያሉት ባለሱቁ ጋሼ ሻማ ይዘው ገቡ። ነገሩን ሰሙ፣ ሳቁ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው የጨዋታውን ሁለት ብር እሳቸው ከፈሉ። ከዚያ ሻማዋን ደግሞ ለወንድሜ ሸጡለት። ነጋዴ ናቸው እንግዲህ።

ይኸውላችሁ፣ እኔ የዚያን ቀን የአድሪያኖን ፊት አላስታውስም። የሚመስልም አይመስለኝም። የጋራዡን ልጅ ፊት ግን ዛሬም አልረሳውም። ስፖርት ጌም የማይሰለቸው በስክሪኑ ምክንያት ሳይሆን ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ስለማይሰለች ነው፤ እሱን የማሸነፍ ጉጉት በየሳምንቱ አዲስ ነው። ወደፊቱንም የማየው በዚህ መነጽር ነው።

እዚህ ወላጆች ስላላችሁ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት አስገብተናል። ሹራብ ደርቦበት ሲመጣ አላየንም ብለናል። ትክክል አልነበረም። ፕሌይስቴሽን ቤት በክፉ ስሙ ሲነሳ ከሜዳ ተነስቶ አይደለም።

ሌላ ትዝታ ልጨምር፣ እሱ ደስ ይላል። ጥር 2005 ዓ.ም.፣ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ገቡ። ከተማው እንዴት እንደነበር ለናንተ አልነግርም። ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል ወጣን፤ የሳላዲንን ፔናሊቲ በረኛቸው አዳነበት፣ አዳነ ግርማ ደግሞ አቻ አደረገን። ቡርኪና ፋሶ 4ለ0፣ ናይጄሪያ በሁለት ፔናሊቲ 2ለ0። አለቀ።

በማግስቱ አንድ ብዙ የማያወራ ልጅ ከጠዋቱ መጥቶ ለአንድ ሰዓት ከፈለ። ብቻውን። ጨዋታ አልጀመረም፤ ኤዲት ውስጥ ገባ። ማንም የማይመርጠውን አንድ የአውሮፓ ቡድን መርጦ ማሊያውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አደረገው። የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ እየደመሰሰ ሳላዲን፣ አዳነ፣ ጌታነህ እያለ ጻፈ። ስም መጻፍ በጆይስቲክ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል፣ አንዷን ፊደል ለማግኘት ጣት ያልቃል። ሰዓቱ ሞላ፣ ወንድሜ ዝም አለው። እኩለ ቀን ላይ ኢትዮጵያ ተዘጋጀች። ከናይጄሪያ ጋር ገጠመ። ሳላዲን በመልኩ ፀጉሩ ወርቃማ የሆነ ፈረንጅ ነው፣ ማንም ግን አልሳቀም። 3ለ1 አሸነፍን። ቤቱ እንዴት እንደጮኸ! አላፊ አግዳሚው የእውነት ጎል የገባ መስሎት በሩ ላይ ተሰበሰበ።

በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4ለ2 አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድን አገር ነን። እኔ ግን በተጫወትኳቸው ጌሞች ሁሉ ከቡድን ምርጫው ውስጥ ኢትዮጵያን አግኝቼ አላውቅም። ያ ልጅ ግን አልጠበቀም፤ ራሱ ሠራት።

አሁን ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። ፊፋ የሚባለውን ጌም የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ አርትስ እና የዓለም እግር ኳስ ማኅበሩ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አብረው ኖረው በ2022 ተፋቱ። በስሙ ዋጋ አልተስማሙም። በ2023 ጌሙ ኤፍሲ 24 ተብሎ ወጣ። ፍቺው በዓለም ደረጃ ትልቅ ወሬ ነበር፣ ሰፈር ውስጥ ግን ዛሬም "ና ፊፋ እንጫወት" ነው የሚባለው። ስሙን የሸጠውም የገዛውም ሳይሆን የተጫወተበት ሰው ነው የያዘው። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኮናሚ ደግሞ የኛን ፔስ በ2021 ኢፉትቦል ብሎ በነፃ ለቀቀው። ገና በወጣበት ቀን የተጫዋቾቹ ፊት የዓለም መሳቂያ ሆነ፣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ያኔ ብዙ ሰው ያደረገው ቀላል ነው፣ ወደ ድሮው ፔስ ተመለሰ።

ከስሙም ከፊቱም በላይ የሚያሳስበኝ ካርዱ ነው። ከ2009 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ጌም ውስጥ አልቲሜት ቲም የሚባል ነገር አለ። የታሸገ ካርድ ትገዛለህ፣ ውስጡ ማን እንዳለ አታውቅም፣ ከፍተህ ወይ ምባፔ ወይ ስሙን የማታውቀው ተከላካይ ይወጣልሃል። ይሄ በአማርኛ ሎተሪ ይባላል። ቤልጂየም ቁማር ነው ብላ ተነሳችባቸው፤ ኩባንያውም በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር ለዚህ የሚሆነውን ነጥብ መሸጥ አቆመ። በብዙው ዓለም ግን ቀጥሏል። እኛ ቤት ሁለት ብር የከፈለ ጨዋታውን አይቶ ነው የከፈለው፣ ቢሸነፍም ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል። በነገራችን ላይ ከዚያ አግዳሚ ላይ የተነሱ ስንቶቹ ልጆች ዛሬ የውርርድ ቲኬት ይዘው ቆመዋል? ይሄ ሌላ ንግግር ይፈልጋል፣ ልለፈው።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ኢንተርኔቱ ነው። ጌሙ ቀስ በቀስ ከእጃችን እየወጣ ወደ ኩባንያዎቹ ሰርቨር እየገባ ነው። ኤፍሲ 24 ሊወጣ ሲል የቀድሞዎቹ የፊፋ ጌሞች ከኦንላይን መሸጫዎች ወረዱ። በዲስክ የያዘ ያዘ፣ ያልያዘ ቀረ። ኮኔክሽን በሌለበት፣ ወይም ባለበትም እንደ ቡና ጠብ ጠብ በሚልበት ሰፈር ይሄ ቀልድ አይደለም። የኛ ቤት አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው የሚነሳው። በ2025 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስን ራሱን የሳዑዲ መንግሥት ፈንድ ያለበት ቡድን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ያን ያህል ብር ያወጣ ሰው ብሩን ከየት እንደሚመልስ አስቡት። ከጎናችሁ ከተቀመጠው ጓደኛችሁ ሁለት ብር አይደለም።

ታዲያ እናንተ ፕሮግራም የምትማሩ፣ ስልክ ላይ ጌም ለመሥራት የምትሞክሩ ልጆች፣ እባካችሁ ሌላ የኳስ ጌም አትሥሩልን። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሜዳውን ተጫዋች እንቅስቃሴ በሙሉ ቀርጸው ወደ ጌሙ የሚያስገቡበት ቴክኖሎጂ አላቸው፣ በዚያ አትወዳደሯቸውም። እኔ ከዓመት ዓመት የምጠብቀው የ10,000 ሜትር ጌም ነው።

አትሳቁ! ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1983 የአትሌቲክስ ጌም አውጥቶ ነበር። 100 ሜትር አለ፣ ዝላይ አለ፣ ጦር ውርወራ አለ። አሯሯጡ ቁልፉን ቶሎ ቶሎ መደብደብ ነው። ረጅም ርቀት የለም፤ ለምን ቢባል 25 ዙር ቁልፍ ሲደበድብ የሚውል ጣት የለም። ግን የኛ ሩጫ መቼ ድብደባ ሆነ? የሲድኒን ኦሎምፒክ አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. 2000። ኬንያዊው ቴርጋት 250 ሜትር ገደማ ሲቀረው ተፈተለከ። ኃይሌ ከኋላ። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ቆሞ ነበር። በ0.09 ሰከንድ ነው ያለቀው፤ ከ27 ደቂቃ በላይ ሮጠው! ያ ውድድር ጣት አይደለም፣ ትዕግሥት ነው፣ ተንኮል ነው፣ ማን ቀድሞ ይወጣል የሚል ቁማር ነው።

እስቲ አስቡት። 25ቱ ዙር በስምንት ደቂቃ ያልቃል። ሁለት ልጆች አግዳሚ ላይ። የትንፋሽህን መጠን አንተ ብቻ ታያለህ፣ ጎረቤትህ የሚያየው የትከሻህን አነቃነቅ ነው። ከፊት ብትወጣ ነፋሱ ይጨርስሃል፣ ከኋላ ብትቀር ትታጠራለህ። ደክሞህ እንዳልደከመህ መምሰል ትችላለህ። ደወሉ ሲደወል ያጠራቀምከውን ትለቃለህ፤ ቀድመህ ከለቀቅክ ደግሞ የመጨረሻው 50 ሜትር ላይ እግርህ ውሃ ይሆናል። ይሄን ለመሥራት የማንም ሊግ ፈቃድ አያስፈልግም። 1.5 ጂቢ ግራፊክስም አያስፈልግም፣ ጆተኒ በምን ኖረ? የሚያስፈልገው አሯሯጡን የሚያውቅ ሰው ነው፣ እሱን ደግሞ በቆጂ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ብዙ አወራሁ። አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ያንን አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ይዤው መጥቻለሁ፣ ከአዳራሹ በስተኋላ ጠረጴዛው ላይ ነው። የአንደኛው ጆይስቲክ የግራ ቁልፍ ትንሽ ይቆልፋል፣ እሱን እኔ እይዛለሁ። ኢንተርን ማንም እንዳይዝ። ተሸናፊ ይነሳል። መብራት ከጠፋም ደንቡን ነግሬያችኋለሁ።