ደም የማይወጣበት እጥበት፣ ቫይረሱስ?

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ የጠዋት ጀልባዎች]

ሰላም፣ ከሐዋሳ ነኝ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣችው አክስቴ ናት። አሜሪካ ያለው ወንድሟ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል፣ ግን ለእጥበት ሆስፒታል አይመላለስም፤ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ በሆዱ በኩል ነው የሚታጠበው። እሷ ልታስታምመው ልትሄድ ነው። "በማሽን የሚታጠቡትን የጉበት ቫይረስ ይይዛቸዋል ይባላል፣ እሱንስ?" አለችኝ።

መጀመሪያ አሠራሩ። ሆዳችን ውስጥ ደቃቅ የደም ሥሮች የሞሉበት ስስ ሽፋን አለ። በቱቦ 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይገባል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፣ ቆሻሻው ከደም ወደ ፈሳሹ ይሻገራል፣ ከዚያ ይቀዳል። በእጅ የሚሠራ ሰው በቀን 4 ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል። ደሙ ግን ከሰውነቱ አይወጣም።

[ምስል፦ ጎን ለጎን የተደረደሩ የእጥበት ወንበሮች]

በማሽን ሲሆን ደም ወጥቶ፣ ተጣርቶ ይመለሳል፤ በሳምንት 3 ጊዜ፣ አራት አራት ሰዓት፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል። ከጉበት ቫይረሶቹ አንዱ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ደግሞ ግትር ነው። በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፣ ጠብታዋም ለዓይን ላትታይ ትችላለች። ጓንት ሳይቀየር ከአንዱ ወደ ሌላው ከተኬደ አለቀ። በሆድ በሚታጠቡት ላይ ሄፓታይተስ ቢም ሌላው የጉበት ቫይረስ ሄፓታይተስ ሲም በአብዛኛው ዝቅ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ። "ከመቶ ይህን ያህሉ አለባቸው" የሚል ቁጥር፣ ቫይረሱ የት እንደያዛቸው አይነግራችሁም። አንዳንዱ መጀመሪያ ማሽን ላይ ቆይቶ ነው የመጣው፣ አንዳንዱ ኩላሊቱ ሳይታመም በፊት ነበረበት፣ እንዲያውም ቢም ሲም ራሳቸው ኩላሊት ይጎዳሉ። ሲ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን የሚፈልገው) ግን ሰውየው ከዳነም በኋላ "ፖዘቲቭ" ማለቱን ይቀጥላል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ካልታከለበት ቁጥሩ ያሳስታል።

[ምስል፦ ፈሳሽ ያለበት ከረጢት]

ከሆድ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ምንም አይመስልም። ሰውየው ቢ ካለበት ግን ቫይረሱ እዚያም ውስጥ አለ። ኤችአይቪም እንደዚያው። ስለዚህ ጓንት ማድረግ፣ ሽንት ቤት ሳይረጩ ማፍሰስ፣ ወለል ላይ የተንጠባጠበውን በበረኪና መጥረግ። ፈሳሹ ከደፈረሰ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው፣ ለነገ አይባልም። እውነቱን ለመናገር በሆድ የሚታጠብ ሰው ከቫይረሱ ይልቅ የሚፈራው ይሄንን ነው።

አክስቴን "የቢ ክትባት ወስደሻል?" አልኳት።

"እሱ የሕፃን አይደል እንዴ!"

አልተሳሳተችም። እኛ አገር ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው አልደረሰንም። ለአዋቂ 3 ጊዜ ይሰጣል፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከዚያ በ6ኛው ወር። አጎቴ መጠኑ ከፍ ያለውን ነው የሚወስደው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሰውነት ለክትባት ይለግማላ። በየዓመቱም በደሙ ውስጥ ክትባቱ ያስገኘው የመከላከያ መጠን ይለካል፤ ከ10 በታች ከወረደ እንደገና ይወጋል።

የእሷ ጉዞ ከ3 ወር በኋላ ነው። ሁለቱን እዚህ፣ ሦስተኛውን እዚያ። ትናንት የመጀመሪያውን ተወግታ መጣች፤ ክንዴን አመመኝ እያለች ሙሉ ቀን እኔን ስትወቅስ ዋለች።